እንጀራው ስንት ግራም ነው? ስኳር ያለባቸውን ወጣቶች ካርብ መቁጠር ስለማስተማር

ስኳር ያለበት ልጅ ይዞ ክሊኒክ የሄደ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር ያው ነው፣ እንጀራ ቀንሱለት፣ ጣፋጭ አታስነኩት፣ በሰዓቱ ይብላ። ምክሩ ስህተት ነው አልልም፣ ግን ቀንሱ ሲባል ከስንት ወደ ስንት? ለ15 አመት ልጅ ሩብ እንጀራ ነው ግማሽ? ሽሮው ይቆጠራል አይቆጠርም? እዚ ላይ ሲደረስ መልስ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፣ ስለዚ ልጁም እናቱም በግምት ይኖራሉ፣ ስኳሩ ሲወጣ "ምን በልተህ ነው?" ሲወርድ ደሞ "ለምን አልበላህም?" እየተባባሉ። እኔ እዚ የማወራው አይነት 1 ስኳር ስላለባቸው በአስራዎቹ እድሜ ስላሉ ልጆች ነው። እነዚ ልጆች እያደጉ ነው፣ መብላት አለባቸው፣ የሚያስፈልጋቸው የሚበሉት ውስጥ ስንት ግራም ካርቦሃይድሬት (ሰውነት ውስጥ ወደ ስኳር የሚቀየረው የምግብ ክፍል) እንዳለ አውቀው ከሚወጉት ኢንሱሊን ጋር ማገናኘት ነው። ካርብ መቁጠር ሚባለው ይሄ ነው፣ እና እኛ ሀገር ከራሳችን መሶብ ተነስተን፣ ለራሱ ለልጁ፣ በሚችለው መጠን ማስተማር ይቻላል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

አይነት 1 የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ራሱ ቆሽት ላይ ያሉትን ኢንሱሊን የሚያመርቱ ህዋሶች ሲያጠፋ ነው። ጣፋጭ ስለበላ የመጣበት አይደለም፣ ይሄን ጎረቤትም ዘመድም ቢያውቅልን ደስ ይለኛል ምክንያቱም ልጆቹ ላይ የሚወርደው ወቀሳ ቀላል አይደለም። በጥር 1922 (አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ቶሮንቶ ውስጥ መጀመሪያ ኢንሱሊን የተወጋው ሊዮናርድ ቶምሰን የ14 አመት ልጅ ነበር። ከዛ በፊት የነበረው ህክምና ምግብ መከልከል ነው፣ ልጆቹ በረሃብ እየመነመኑ ትንሽ ጊዜ ይቆዩና ይሞቱ ነበር። ኢንሱሊን ከተገኘ 100 አመት አልፎት ዛሬም ምክራችን ወደ ክልከላው ማድላቱ ያሳዝነኛል።

ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ግን ልጁ የሚወጋው ኢንሱሊን ምን አይነት እንደሆነ መታወቅ አለበት፣ ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ልጆች የሚያገኙት ኤንፒኤች (ዘግይቶ የሚበረታው) እና ሬጉላር (ለምግብ የሚወጋው አጭሩ) ወይም ሁለቱ አንድ ላይ የተቀላቀሉበት 70/30 ነው፣ ጠዋትና ማታ ሁለቴ ይወጉታል። ጠዋት የተወጋው ኤንፒኤች ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጋ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ጀምሮ ነው፣ ማለትም ልጁ ምሳ በላም አልበላም ኢንሱሊኑ ስራውን ይሰራል። ስለዚ 70/30 ለሚወጋ ልጅ የቆጠራው ጥቅም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተመሳሳይ ግራም መብላት ነው፣ ለምሳሌ ምሳው 60 ግራም ነው ከተባለ ዛሬ በእንጀራ ነገ በፓስታ ከነገ ወዲያ በዳቦ 60 ግራም ይሞላዋል። ይሄ ብቻውን ትልቅ ነፃነት ነው፣ ቤቱ ፓስታ በተሰራ ቀን ለሱ ለብቻው ሌላ ነገር መፈለግ ይቀራል። ሁለተኛው መንገድ ደሞ ረጅም ሰዓት የሚቆይ ኢንሱሊን እየተወጉ ለእያንዳንዱ ምግብ ለብቻው አጭሩን የሚወጉ ልጆች የሚጠቀሙበት ነው። እነሱ ዩኒቱን (ኢንሱሊን የሚለካበት ነው) ከምግቡ ጋር ማመጣጠን ይችላሉ። እዛ ላይ ራቲዮ ሚባል ነገር አለ፣ 1 ዩኒት ስንት ግራም ካርብ ይሸፍናል የሚለው ነው፣ ለመነሻ ሀኪሞች 500ን ልጁ በቀን ለሚወጋው ጠቅላላ ዩኒት ያካፍሉታል፣ በቀን 50 ዩኒት የሚወጋ ልጅ 1 ዩኒት ለ10 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ከዛ በኋላ ሀኪሙ ውጤቱን እያየ ያስተካክለዋል፣ ጠዋት ጠዋት ብዙ ልጆች ለዛው ግራም የበለጠ ኢንሱሊን ይፈልጋሉ። 70/30 የሚወጋ ልጅ ይሄን ሁለተኛውን መንገድ ኢንተርኔት ላይ አይቶ በራሱ ልሞክር ካለ አደጋ ነው፣ አታስሞክሩት።

አሁን ወደ እንጀራው። የእህቴ ልጅ አይነት 1 አለባት፣ ከየምግቡ በፊት ሬጉላር ትወጋለች። ባለፈው እነሱ ቤት የማዕድ ቤት ሚዛን አውጥተን አንድ ሙሉ የጤፍ እንጀራ አጥፈን አስቀመጥንበት፣ 340 ግራም ሆነ። እንጀራ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ከክብደቱ ሲሶው ገደማ ነው ካርብ የሚሆነው፣ ስለዚ 110 ግራም አካባቢ። ከዛ በሌላ መንገድ እናረጋግጥ አልንና ከዱቄቱ ተነሳን፣ 1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ቃጫው ሲቀነስ 650 ግራም ገደማ ካርብ አለው፣ እህቴ ከ1 ኪሎ 6 እንጀራ ታወጣለች፣ 650 ለ6 ሲካፈል 108። ሁለቱ መንገድ እዛው ተገናኘ። ልጅቷ ዝም ብላ ሚዛኑን አይታ "አክስቴ፣ ለዚ ሁሉ እኮ 10 ዩኒት ሊሆን ነው፣ እኔ 5 ነበር የምወጋው" አለችኝ። እስከዛ ቀን እንጀራ ጤፍ ስለሆነ ለስኳር ጥሩ ነው ስትባል ነው የኖረችው፣ ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ ግን ካርብ ነው፣ ኢንሱሊን ይፈልጋል። ያን ቀን ዩኒቷን አልነካንም፣ የእንጀራውን ግራም ጽፋ ሀኪሟ ጋ ይዛ ሄደች፣ እስከዛው ግን አንዱን እንጀራ አራት ቦታ አጥፋ ሩቡን 25 ግራም ብላ መያዝ ጀመረች።

የያንዳንዱ ቤት እንጀራ ይለያያል፣ ሰርገኛው፣ ገብስ የተቀላቀለው፣ ወፍራሙ፣ ስሱ፣ ስለዚ የኛን ቁጥር ወስዳችሁ አትጠቀሙበት፣ አንድ ጊዜ የራሳችሁን መዝኑ ወይም ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንደሚወጣ ቁጠሩ። ሚዛን በየቀኑ አያስፈልግም። ሌላውን በክፍልፋይ መያዝ ነው የሚቀለው፦ ዳቦ ከክብደቱ ግማሹ ካርብ ነው፣ የበሰለ ሩዝና ፓስታ ከሩብ ትንሽ ከፍ ይላል፣ የተቀቀለ ድንች አንድ አምስተኛው ነው፣ ቆሎ ግን ደረቅ ስለሆነ ሰባ በመቶ ገደማው ካርብ ነው፣ ልጆች እንደ ምግብ ሳይቆጥሩት እፍኝ እፍኝ ሲያነሱ የሚውሉት እሱን ነው፣ 30 ግራም ቆሎ ብትበላ 20 ግራም ካርብ በላች። መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም አካባቢ አለው። ሽሮ፣ ምስርና ክክ ካርብ አላቸው ግን ቀስ ብለው ነው ስኳር ከፍ የሚያደርጉት፣ ስጋ፣ እንቁላልና ጎመን ለዚ ቆጠራ አያሳስቡም። በሶ፣ ገንፎ፣ ጭኮ፣ ቆጮ ከባድ ናቸው፣ እነሱን መመዘን ይሻላል።

እዚ ጋ ብዙ ወላጅ "ልጄን በግራም አስጨንቄ ላሳብዳት ነው?" ይላል። መልሱ ጥናቶቹ ውስጥ አለ። ኮሎራዶ ውስጥ እድሜያቸው ከ12 እስከ 18 የሆኑ ልጆች ምግብ ተሰጥቷቸው ካርቡን እንዲገምቱ ሲጠየቁ የቀኑን ድምር በ10 ግራም ልዩነት ውስጥ የገመቱት 23 በመቶው ብቻ ነበሩ (2009)፣ እነዚ ደሞ አሜሪካ ውስጥ በየፓኬቱ ላይ ግራሙ ተጽፎላቸው ያደጉ ልጆች ናቸው። በሌላ በኩል አውስትራሊያ የተሰሩ ጥናቶች 60 ግራም የሚሆን ምግብ ላይ 10 ግራም ቢሳሳቱ ስኳሩ ላይ የጎላ ለውጥ እንደማያመጣ፣ ስህተቱ 20 ግራም ሲደርስ ግን በግልፅ እንደሚታይ አሳይተዋል። ስለዚ የኛ ልጆች ማወቅ ያለባቸው 10 ግራም ወዲህ ወዲያ ነው፣ ሩብ እንጀራን ከግማሽ መለየት። ይሄን የማይችል የ13 አመት ልጅ የለም። ትክክለኛውን ቁጥር ካላመጣሽ ብሎ ማስጨነቅ ልጅቷን ያስመርራታል እንጂ ስኳሯን አያወርደውም።

የኛ ትልቁ ፈተና ትሪው ነው። አንድ ላይ ነው የምንበላው፣ ማን ስንት በላ አይታወቅም፣ እንጀራው ላይ እንጀራ ይጨመራል፣ ከዛ ጉርሻ ይመጣል፣ አያት ስታጎርስ ደሞ እምቢ አይባልም። በዛ ላይ ሬጉላር ኢንሱሊን ከመብላቱ 30 ደቂቃ በፊት ነው የሚወጋው፣ ማለትም ልጅቷ ትሪው ገና ሳይቀርብ ስንት እንደምትበላ መወሰን አለባት። ለብቻዋ በሳህን ስጧት የሚል ምክር አለ፣ እኔ አልወደውም፣ የ14 አመት ልጅ ከቤተሰቡ ትሪ ተለይታ ስትበላ የሚሰማትን የሚያውቅ ሰው ይሄን አይመክርም። የሚሻለው ድርሻዋን ጥቅል አድርጎ እሷ በምትቀመጥበት በኩል ማስቀመጥ ነው፣ ሁለት ሩብ ከሆነ ሁለት ጥቅል፣ ወጡን ከመሃል ትጠቅሳለች፣ እንጀራውን ከጥቅሏ፣ ጥቅሉ ሲያልቅ የቆጠረችው አለቀ። ወጥ የጠገበውን ከስር ያለውን እንጀራ አለመንካት ነው፣ እሱን የሚወዱ ብዙ ናቸው አውቃለሁ፣ ከፈለገች ከጥቅሏ ቀንሳ ነው። ለአያት ደሞ ቀድሞ መንገር፣ "እማማ፣ ስታጎርሻት ከሷ ጥቅል ቆርሰሽ አጉርሻት"። እህቴ ቤት ይሄ ሰርቷል፣ ጉርሻው አልቀረም፣ ቁጥሩም አልተበላሸም። ምሳው ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት በፊት ወጥ የምትሰራው እናት "ዛሬ ድንች አለው" ካለች ልጅቷ ያንን ጨምራ ትወጋለች፣ ስለዚ ቆጠራ ማስተማር ሲባል ምግብ የሚያበስለውን ሰው አብሮ ማስተማር ነው፣ እናትም ትሁን ሰራተኛ።

ግን ቁጥሩን የሚይዘው ማነው? ልጅ እያለች እናት ትቆጥራለች፣ 12 እና 13 ስትሞላ ግን ቀስ እያሉ ለሷ መልቀቅ ያስፈልጋል፣ በአንድ ጊዜ ግን አይደለም። ብዙ ቤት የማየው ሁለት ነገር ነው፣ ወይ እናት እስከ 18 አመቷ ትቆጥርላትና ዩኒቨርሲቲ ዶርም ስትገባ ልጅቷ ባዶ እጇን ትቀራለች፣ ወይ ደሞ "አሁን አድገሻል በቃ" ተብላ በ13 አመቷ ሁሉም ነገር ይለቀቅባታል። መሃሉ የሚሆነው ትሪው ከመቅረቡ በፊት "ስንት ግራም መሰለሽ?" ብሎ መጠየቅና መልሷን ሰምቶ የራስን ግምት መናገር ነው፣ ሁለቱ ከተቀራረቡ የሷን መያዝ። "ለምን በላሽ?" የሚለው ጥያቄ ያስተምራታል ብዬ አላስብም፣ የሚያስተምራት መደበቅን ነው፣ የምትበላውን የምትደብቅ ልጅ ደሞ ያልተቆጠረ ካርብ ነው የምትበላው።

ሌላ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ ነገር የእድሜው ሆርሞን ነው። በጉርምስና ጊዜ ሰውነት ለኢንሱሊን እምቢተኛ ይሆናል፣ ልጁ የሚበላውን ሳይቀይር ዩኒቱ መጨመር ሊኖርበት ይችላል። በ1993 ውጤቱ የወጣው ትልቁ የአሜሪካና ካናዳ ጥናት ውስጥ ጠንከር ያለ ክትትል ይደረግላቸው የነበሩት ወጣቶች እንኳን የሶስት ወር አማካይ ስኳራቸው (HbA1c የሚባለው የደም ምርመራ) 8 በመቶ አካባቢ ነበር፣ ተመሳሳይ ክትትል ያገኙት አዋቂዎች ደሞ 7 በመቶ አካባቢ። ሀኪም ባለበት፣ ነርስ በምትደውልበት፣ ሁሉ ነገር በነፃ በሚቀርብበት ይሄ ከሆነ ልጃችሁ በትክክል ቆጥሮ ስኳሩ ከፍ ቢል ውሸታም ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ጠንካራ ክትትሉ ግን አይን፣ ኩላሊትና ነርቭ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በወጣቶቹም ላይ በግልፅ ቀንሷል፣ ድካሙ ከንቱ አይደለም።

እንግሊዝ ሀገር ከ11 እስከ 16 አመት ላሉ ልጆች የ5 ቀን የቆጠራ ኮርስ ተዘጋጅቶ ተፈትኖ ነበር፣ ኪክ ኦፍ ይባላል። ውጤቱ የሶስት ወሩን ስኳር በተጠበቀው ልክ አላወረደም፣ ልጆቹ ግን ስለ ህይወታቸው የሚሰማቸው ነገር ተሻሽሏል። አንዳንዱ ይሄን አይቶ ታዲያ ለምን ይለፋል ይላል፣ እኔ የማየው ሌላ ነው፣ ከ5 ቀን በኋላ ወደ ቤት ተመልሶ የሚያግዘው ከሌለ ኮርስ ብቻውን አይበቃም። ደሞ ልጁ ከበሽታው ጋር የሚኖረው ሙሉ እድሜውን ነው፣ የሚሰማው ነገር መሻሻሉ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ በግልፅ መነገር ያለበት ፍርሃት አለ። ምግብን ቁጥር ማድረግ አንዳንድ ልጆችን በተለይ ሴቶችን ወደ መጥፎ ቦታ ሊወስድ ይችላል። በ2000 በወጣ የካናዳ ጥናት ከ12 እስከ 19 አመት ያሉ አይነት 1 ያለባቸው ሴቶች ውስጥ የአመጋገብ መታወክ የታየው 10 በመቶው ላይ ነው፣ ስኳር በሌለባቸው እኩዮቻቸው ደሞ 4 በመቶ። ኢንሱሊን ሲቀነስ ሰውነት እንደሚከሳ የደረሱበት ልጆች ሆን ብለው ይዘሉታል፣ ይሄ ኮማ ውስጥ የሚከት ነገር ነው። ስለዚ ስታስተምሩ "ጥሩ ምግብ" "መጥፎ ምግብ" የሚለውን ቋንቋ ተዉት፣ 30 ግራም 30 ግራም ነው፣ ከድፎ ዳቦም ይምጣ ከሙዝ። ልጅቷ ያለ ምክንያት እየከሳች ስኳሯ ሁሌ ከፍ ካለ ደሞ ወቀሳውን ትታችሁ ቁጭ ብላችሁ አዋሯት፣ ለሀኪሟም ንገሩ።

ትምህርት ቤት ሌላ አለም ነው። እረፍት ላይ ጓደኛ ሳምቡሳ ይገዛል፣ ቦምቦሊኖ ይገዛል፣ ለስላሳ ይካፈላሉ። 300 ሚሊ ሊትር የሆነ የኮካ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ስኳሯ ሳይወርድ ብትጠጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚወጣው፣ ስኳሯ ሲወርድ ግን ግማሿ መድሃኒቷ ናት፣ 15 ግራም ትወስዳለች፣ 15 ደቂቃ ጠብቃ ትለካለች። ስኳር በሻይ ማንኪያ ከሆነ ሶስት አራት ማንኪያ ነው። ይሄን የክፍል ጓደኛዋ ቢያውቀው እሷ ከአስር አስተማሪ ይልቅ ትጠቅማታለች፣ ስትንቀጠቀጥና ሲያልባት ቀድማ የምታያት እሷ ናትና። ችግሩ ብዙ ልጆች ጓደኛ እንዲያውቅ አይፈልጉም፣ ሽንት ቤት ገብተው ነው የሚወጉት፣ ተደብቆ የሚወጋ ደሞ ምሳውን ቆጥሮ ለመወጋት ጊዜ የለውም። አንድ ጓደኛ ብቻ እንዲመርጡ ማድረግ ይቻላል፣ ሁሉም ክፍል እንዲያውቅ መጫን ግን አያስፈልግም።

ፆም ሲመጣ ነገሩ ይጠብቃል። የታመመ ሰው አትፁም እንደሚባል ሁሉም ያውቃል፣ ግን የ16 አመት ልጅ ቤቱ ሁሉ ፆሞ እሷ ብቻዋን ጠዋት ስትበላ የሚሰማት ነገር አለ፣ የንስሃ አባቷ በግልፅ ቢነግሯት በጣም ይረዳታል፣ የሙስሊም ልጆችም ጋ ረመዳን ላይ እንደዛው። እስከ 9 ሰዓት ቆይታ ጠዋት ደሞ 70/30 ወግታ ከሆነ ስኳሯ መውረዱ አይቀርም። ሰዓቱን ሳትፆም የፆም ምግብ ብቻ ልብላ ካለች ይቻላል፣ ነገር ግን በየአይነቱ ውስጥ ስጋና እንቁላሉ ወጥቶ ምስር፣ ክክ፣ ድንች፣ ሽሮ ነው የሚገባው፣ እንጀራው ሳይጨምር ካርቡ ይጨምራል፣ ስለዚ 55ቱ ቀን ከመግባቱ በፊት ከሀኪም ጋ ቁጭ ብሎ የፆሙን ትሪ ለብቻው መቁጠር ነው።

ውጪ ያሉ ልጆቻችን ችግራቸው ሌላ ነው። አሜሪካ ያለ ልጅ ኢንሱሊን የሚሰጠው ፓምፕ አለው፣ ክንዱ ላይ ስኳሩን የሚለካ ሴንሰር አለው፣ ስልኩ ላይ አፕ አለው፣ የተሰጠው መማሪያ ግን ቤግልና ፓንኬክ ነው የሚያሳየው። አፑ ላይ እንጀራ ብሎ ሲፈልግ የተለያየ ቁጥር ይመጣል ምክንያቱም እዛ የሚሸጠው አንዱ ትንሽ ነው፣ አንዱ ስንዴ ወይ ገብስ የገባበት ነው። እናት እንጀራውን ታውቃለች፣ ልጁ ግራሙን ያውቃል፣ ዳይቲሺያኗ (የአመጋገብ ባለሙያዋ) ሁለቱንም አታውቅም። ቀላሉ መንገድ እናትና ልጅ አንድ ቀን ሚዛን ይዘው የቤታቸውን ምግብ መዝነው አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ለትምህርት ቤቱ ነርስም ለክሊኒኩም መስጠት ነው፣ 504 ፕላን (አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት የጤና ችግር ላለበት ልጅ የሚያዘጋጀው የእገዛ እቅድ) ያለው ልጅ ከዛ ጋ አብሮ ሊያስገባው ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለነው ደሞ ከቁጥሩ በላይ የሚያስቸግረው ስትሪፕ ነው፣ የደም ጠብታ አድርገን ስኳር የምንለካበት። ቆጠራውን ልክ መሆን አለመሆኑን የሚነግረው መለካት ነው፣ ስትሪፕ ደሞ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ይጠፋል። በጥቂት ስትሪፕ መማር ግን ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ከመበተን አንድ ምግብ መርጦ፣ ለምሳሌ እራት፣ ለሶስት ማታ ተመሳሳይ ግራም በልቶ ከመብላት በፊትና ከ2 እስከ 3 ሰዓት በኋላ መለካት ነው፣ 6 ስትሪፕ ይፈጃል። በሚቀጥለው ሳምንት ምሳን። ስኳር የወረደ ሲመስል የሚለካበት ጥቂት ግን ሁሌ መቀመጥ አለበት፣ እሱ አይነካም። ደብተር ላይ የበላችው ምን እንደሆነ፣ የገመተችው ግራም፣ የወጋችው ዩኒት፣ ስኳሯ በፊት፣ ስኳሯ በኋላ ብላ ትጽፋለች። ሀኪሙ ለሷ ያለው ጊዜ 10 ደቂቃ ቢሆን እንኳን ሶስት ማታ 50 ግራም በልታ ሶስቱንም ጊዜ ከፍ ካለባት የእራቱን ዩኒት እዛው ሊያስተካክልላት ይችላል፣ ደብተሩ ከሌለ ግን "እንጀራ ቀንሺ" ብሎ ነው የሚሸኛት።